የነገው ነፋስ፣ የከርሞው ውሃ፦ የታዳሽ ኃይል ትንበያ ምንነትና አሠራር

አርሶ አደር እህሉን ወቅቶ ጎተራ ይከታል፤ ክረምት ሲገባ ከዚያው እየቀነሰ ይመገባል። ኤሌክትሪክ ግን እንደ እህል በቀላሉ አይጠራቀምም። በአንድ ቅጽበት የሚመነጨው ኃይል በዚያችው ቅጽበት በየቤቱ፣ በየወፍጮ ቤቱና በየፋብሪካው ከሚፈለገው ጋር መመጣጠን አለበት። ሚዛኑ ከተዛባ በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ላይ እንዲጸና የሚጠበቀው የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። መዛባቱ ከበዛ ደግሞ የመከላከያ መሣሪያዎች መሥመሮችን ይቆርጣሉ፤ ከተሞችም በጨለማ ይዋጣሉ።

ኃይላቸውን ከነዳጅ የሚያገኙ ሀገራት ፍላጎት ሲጨምር ነዳጅ ይጨምራሉ። ነፋስ፣ ፀሐይና ዝናብ ግን በሰው ትዕዛዝ አይመጡም። በመሆኑም ከእነዚህ ምንጮች ነገ፣ በሚቀጥለው ሳምንትና በመጪው ወቅት ምን ያህል ኃይል ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የታዳሽ ኃይል ትንበያ ይባላል።

በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይልን በፈረቃ ማዳረስ ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። በወቅቱ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሰጠው ምክንያት የጊቤ ሦስት ግድብ የውሃ መጠን መቀነሱ ነበር፤ የታየው ጉድለትም ከ400 ሜጋ ዋት በላይ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ እጥረት መነሻ በአብዛኛው የሚገኘው ከወራት በፊት ነው። ያለፈው ክረምት ያስገባው ውሃ፣ በበጋው ወራት የወጣው ውሃና ለመጪው ዝናብ የተያዘው ግምት ተደማምረው የግንቦቱን መብራት ይወስናሉ።

የኢትዮጵያ የኃይል ምንጮች

ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተገነባውና እ.አ.አ 1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ከዚያ ወዲህ በጊቤ፣ በተከዜና በዓባይ ተፋሰሶች ትልልቅ ጣቢያዎች ተገንብተዋል። ከጣና ሐይቅ ውሃ የሚወስደው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት፣ የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሦስት 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ከውሃ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ነፋስ ነው። በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እነዚህ አኃዞች ከግድቦቹ ጋር ሲነጻጸሩ አነስተኛ ቢመስሉም የነፋስ ኃይል ለሀገሪቱ ልዩ ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ የነፋስ ማመንጫዎች በርትተው የሚሠሩት በአመዛኙ በበጋ ነው። በዚያ ወቅት ወንዞች ይቀንሳሉ፤ ግድቦችም የሚሰጡት ክረምት ያጠራቀሙትን ነው። ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር ውሃው በግድቡ ይቆያል።

ከዚህ እንደሚታየው ኤሌክትሪክ ጎተራ ባይኖረውም ኢትዮጵያ አንድ ትልቅ ጎተራ አላት፤ እርሱም በግድብ የተያዘው ውሃ ነው። በሀገሪቱ የትንበያ ዋና ፋይዳም ይህን ጎተራ መቼ መክፈት፣ መቼስ መዝጋት እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ትንበያው ለምን ያህል ጊዜ ነው?

የኃይል ትንበያ እንደሚሸፍነው ጊዜ በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ከጥቂት ደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ያለውን ጊዜ ይመለከታል። የመቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች የትኛው ተርባይን ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ለመወሰን ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው የቀጣዩን ቀን ወይም የሁለት ቀናትን ምርት ይገምታል። የየጣቢያው የሥራ ድርሻና ለጎረቤት ሀገራት የሚሸጠው ኃይል የሚታቀደው በዚህ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ኃይል የሚተላለፍበት፣ ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያና የኬንያ የ500 ኪሎ ቮልት መሥመር ለዚህ ምሳሌ ነው። ገዢው ነገ የሚደርሰውን ኃይል ዛሬ ማወቅ ይፈልጋልና።

ሦስተኛው ከሳምንት እስከ ወር ያለውን የሚመለከት ሲሆን፣ ተርባይኖችን ለጥገና ለማቆም አመቺውን ጊዜ ለመምረጥ ይረዳል።

አራተኛው የወቅትና የዓመት ትንበያ ነው። እንደ ኢትዮጵያ በውሃ ኃይል ለሚተማመን ሀገር ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በሰኔ ወር የሚሰጥ የክረምት ግምት እስከ ቀጣዩ ዓመት ግንቦት ድረስ ያለውን የኃይል አቅርቦት ይነካልና።

የነፋስ ጠባይ

የነፋስ ኃይልን መተንበይ ከባድ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ከተፈጥሮ ሕግ የመነጨ ነው። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ያድጋል። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ በሰከንድ 8 ሜትር ይነፍሳል የተባለው ነፋስ 7.2 ሜትር ሆኖ ቢገኝ፣ የፍጥነቱ ስህተት 10 በመቶ ብቻ ሲሆን የኃይሉ ጉድለት ግን ወደ 27 በመቶ ይደርሳል።

ተርባይኑ ራሱም ወሰን አለው። አብዛኛዎቹ ተርባይኖች ማመንጨት የሚጀምሩት ነፋሱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ወደ 12 ሜትር ሲቃረብ ሙሉ አቅማቸውን ይሰጣሉ። 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ግን ለደኅንነት ሲባል ይቆማሉ። ስለዚህ ነፋሱ እጅግ ሲበረታ ኃይሉ በድንገት ሊቋረጥ ይችላል።

በደጋው ምድር ሌላም ነገር ይጨመራል። በ2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፍጥነቱ እኩል የሆነ ነፋስ እንኳ በከፍታ ቦታ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። ጠረፍ ላይ ለተተከሉ ተርባይኖች የተዘጋጀ ስሌት ሳይስተካከል ወደ ደጋ ቢመጣ ከመጠን ያለፈ ተስፋ ይሰጣል።

የፀሐይ ጠባይ

የፀሐይን መውጣትና መግባት፣ በሰማይ ላይ የምትገኝበትንም ቦታ ለዓመታት አስቀድሞ በትክክል ማስላት ይቻላል። የማይታወቀው ደመናው ነው። የሜቴዎሳት ሳተላይቶች በ15 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ልዩነት አፍሪካን ፎቶግራፍ ያነሳሉ። ደመናው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ ምን ያህል እንደተጓዘ በመለካት በሚቀጥሉት ሰዓታት የት እንደሚደርስ ይገመታል።

ሙቀትም ይቆጠራል። በስፋት ጥቅም ላይ የዋሉት የሲሊከን ፓነሎች ሙቀታቸው በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ምርታቸው ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ይቀንሳል። ስለሆነም ነፋሻማና ብሩህ የሆነ የደጋ ቀን እጅግ ከሚሞቅ የቆላ ቀን የተሻለ ምርት ሊሰጥ ይችላል።

የውሃ ጠባይ

ወንዝ ትዝታ አለው። በክረምት የጠገበው ምድር ዝናብ ካቆመ በኋላም ውሃውን ቀስ በቀስ ይለቃል። በጥቅምት ወር የተለካ የወንዝ መጠን የታኅሣሥና የጥርን መጠን በጥሩ ሁኔታ ያመለክታል። የጣና ሐይቅ ከፍታም በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከጫፍ ይደርሳል፤ በሰኔ ገደማ ደግሞ ከሁሉ ዝቅ ይላል። በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት የሚሰጥ ትንበያ አስተማማኝ ነው።

አስቸጋሪው ክረምቱን መገመት ነው። የዓባይ ውሃ አብዛኛው የሚፈስሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ጥቂት ወራት ነው። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ከሩቅ ውቅያኖሶች ሙቀት ጋር ይያያዛል። በሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ የሚከሰተው ኤልኒኖ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብን የመቀነስ አዝማሚያ አለው። እ.አ.አ በ2015 የታየው ብርቱ ድርቅ ለዚህ ምስክር ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ግን ያው ኤልኒኖ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዝናብ ያበረታል። አንድ ክስተት በሀገሪቱ የተለያዩ ክፍሎች ተቃራኒ ውጤት ሊያመጣ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ተፋሰስ የተለየ ስሌት ያስፈልጋል።

የዓባይ ውሃ በትንበያ ሳይንስ ታሪክም ትልቅ ስፍራ አለው። ሃሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ የውሃ ባለሙያ በግብፅ ለበርካታ ዓመታት የናይልን ወንዝ ሲያጠና፣ በካይሮ ከሮዳ ደሴት የተገኘውን ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተመዘገበ የውሃ ከፍታ መረመረ። እ.አ.አ በ1951 ባሳተመው ጥናትም የጥጋብ ዓመታት ከጥጋብ፣ የድርቅ ዓመታት ከድርቅ ጋር ተከታትለው የመምጣት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳየ። የሒሳብ ሊቁ ቤኗ ማንደልብሮት ይህን ጠባይ በመጽሐፍ ቅዱስ ከተነገሩት ሰባት የጥጋብና ሰባት የረሃብ ዓመታት በመነሳት “የዮሴፍ ውጤት” ብሎ ሰይሞታል። ግኝቱ ለግድብ አስተዳዳሪዎች የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ አንድ ደረቅ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው የግድ ይካሳል ብሎ ውሃን አሟጦ መጠቀም አደገኛ ነው።

ስታቲስቲካዊ ሞዴሎች

ሞዴል ማለት ካለፈው ልኬት ተነስቶ የወደፊቱን የሚገምት የስሌት ሥርዓት ነው። ከሁሉ ቀላሉ “አሁን ያለው ይቀጥላል” የሚለው ነው። አሁን 40 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ጣቢያ ከአንድ ሰዓት በኋላም 40 ያመነጫል ብሎ ይገምታል። ዘዴው የዋህ ቢመስልም ለአጭር ጊዜ በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም። ማንኛውም አዲስ ሞዴል የሚመዘነው በቅድሚያ ከእርሱ ጋር ተወዳድሮ ነው።

ሁለተኛው የዝምድና ስሌት ሲሆን፣ ለምሳሌ የውቅያኖስ ሙቀትና የክረምት ዝናብ ባለፉት ዓመታት የነበራቸውን ግንኙነት በቁጥር ያስቀምጣል። ያለፉ ተመሳሳይ ዓመታትን ፈልጎ “ዘንድሮ የትኛውን ዓመት ይመስላል?” ብሎ የሚጠይቀው ዘዴም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ሦስተኛው አሪማ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ነው። ጆርጅ ቦክስና ግዊሊም ጄንኪንስ እ.አ.አ በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ አማካኝነት ተስፋፍቷል። ይህ ሞዴል ያለፉ ልኬቶችን ብቻ ሳይሆን ያለፉ የግምት ስህተቶችንም ይመለከታል። ትናንትና ዛሬ ግምቱ ዝቅ ብሎ ከነበረ ለነገው ያስተካክላል። ውስን መረጃ የሚበቃው መሆኑና እንዴት እንደገመተ በግልጽ የሚታይ መሆኑ ጥቅሙ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የተወሳሰበ ግንኙነትን ለመያዝ መቸገሩ ነው።

ማሽን ለርኒንግ

ማሽን ለርኒንግ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ ነው። በዚህ ዘዴ ኮምፒውተሩ ሕጉ በቀጥታ አይነገረውም፤ ከብዙ ምሳሌ ራሱ እንዲማር ይደረጋል። ያለፉት ዓመታት የአየር ሁኔታና በየሰዓቱ የመነጨው ኃይል ይሰጠዋል፤ እርሱም በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ይፈልጋል።

አንደኛው ዓይነት የውሳኔ ዛፍ ነው። “ነፋሱ ከምሥራቅ ነው? ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው? ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ይበልጣል?” እያለ በጥያቄ ቅርንጫፎች ወርዶ ግምት ላይ ይደርሳል። አንድ ዛፍ ብቻውን ይሳሳታል። በመሆኑም ሊዮ ብሬይማን እ.አ.አ በ2001 ባቀረበው “ራንደም ፎረስት” በተሰኘው ዘዴ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ለየብቻ ገምተው አማካያቸው ይወሰዳል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እንደሚመክሩት ማለት ነው። በሌላ ዘዴ ደግሞ ዛፎቹ በተራ እየተከተሉ እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ስህተት ያርማል።

ሁለተኛው ዓይነት የነርቭ መረብ ይባላል። ከዚህ ወገን ሴፕ ሆክራይተርና ዩርገን ሽሚድሁበር እ.አ.አ በ1997 ያስተዋወቁት ሞዴል ያለፈውን ለረጅም ጊዜ የማስታወስ ችሎታ ስላለው ለወንዝ ፍሰት ትንበያ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2024 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በዚህ ዓይነት ሞዴል መለኪያ በሌላቸው ወንዞች ላይም ጎርፍን መተንበይ እንደሚቻል አሳይተዋል። የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ጥቂት ለሆነባቸው ሀገራት ይህ ትልቅ ዜና ነው።

በነፋስ ረገድ ዲፕማይንድና ጉግል እ.አ.አ በ2019 ይፋ ያደረጉት ሥራ ይጠቀሳል። በአሜሪካ መካከለኛ ግዛቶች የሚገኙና 700 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን የነፋስ ጣቢያዎች ምርት ከ36 ሰዓት በፊት በነርቭ መረብ መተንበይ ችለዋል። ይህም የነፋስ ኃይሉን ዋጋ በ20 በመቶ ገደማ እንዳሳደገው ኩባንያዎቹ ገልጸዋል። ነፋሱ አልጨመረም፤ የጨመረው ኃይሉ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ከግማሽ በላይ ኤሌክትሪኳን ከነፋስ የምታገኘው ዴንማርክም ለአሥርት ዓመታት በትንበያ ላይ ስትሠራ ቆይታለች።

የአየር ትንበያው ራሱም እየተለወጠ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል እ.አ.አ በየካቲት ወር 2025 በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ የአየር ትንበያ ሥርዓትን ከነባሩ ጎን ለጎን በመደበኛነት መጠቀም ጀምሯል።

ነፋስን መተንበይ ውሃን መቆጠብ ነው

የትንበያ ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ለነገ ከታቀደው የነፋስ ኃይል ለ10 ሰዓታት ያህል 100 ሜጋ ዋት ጎደለ እንበል። ጉድለቱ 1 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ውሃው ከ130 ሜትር ከፍታ በሚወርድበትና 90 በመቶ ብቃት ባለው ጣቢያ ለመተካት ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 3 ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። በጠቅላላው ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ማለት ነው።

ጉድለቱ ቀድሞ ከታወቀ ውሃው በሥርዓት ይለቀቃል፤ በወንዙ ዳር ያሉ የመስኖ ተጠቃሚዎችና ዓሣ አስጋሪዎችም ይዘጋጃሉ። ካልታወቀ ግን ወይ መብራት ይቆረጣል፣ ወይ ውሃው በጥድፊያ ይወጣል።

በወቅት ትንበያ ደግሞ ስህተቱ በሁለት በኩል ይጎዳል። ዝናቡ ይበዛል ተብሎ ውሃው በበጋ ከወጣና ክረምቱ ካነሰ፣ በከርሞው ግንቦት ፈረቃ ይመጣል። ዝናቡ ያንሳል ተብሎ ግድቡ ሞልቶ ከቆየና ክረምቱ ከበረታ ደግሞ ውሃው ተርባይን ሳይነካ በማስተንፈሻ በኩል ይፈስሳል፤ በግርጌ ላሉ መንደሮችም የጎርፍ ሥጋት ይሆናል።

የሞዴሎች ጉድለት

ማሽን ለርኒንግ የተሻለው ባየው ነገር ላይ ነው። በሥልጠናው ዘመን ያልታየ ድርቅ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ሊሳሳት ይችላል። የአየር ንብረት ለውጥ ደግሞ ያልታየን ነገር ያበዛል።

ሌላው ጉድለት ሽምደዳ ነው። ትምህርቱን ሳይረዳ ያለፈውን ዓመት ፈተና የሸመደደ ተማሪ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ሞዴልም ያለፈውን መረጃ ከነስህተቱ ሸምድዶ ወደፊት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች የመረጃውን የተወሰነ ክፍል ደብቀው ያቆያሉ፤ ሞዴሉንም ባላየው ዓመት ይፈትኑታል።

ከሁሉ የሚብሰው የመረጃ እጥረት ነው። ለወራት የተቋረጠ የዝናብ መዝገብ፣ በጎርፍ የተወሰደ የወንዝ መለኪያ ወይም ተርባይን ለጥገና የቆመበት ያልተመዘገበ ቀን የረቀቀውን ሞዴል ያሳስታል።

የአየር ጠባይም የራሱ ገደብ አለው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.አ.አ በ1963 እንዳሳየው በመነሻው ላይ ያለ ጥቃቅን ልዩነት ከቀናት በኋላ ወደ ሰፊ ልዩነት ያድጋል። በዚህ የተነሳ የአንድን ቀን የአየር ሁኔታ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ በዝርዝር ማወቅ አዳጋች ነው።

ትንበያን እንዴት ማንበብ ይገባል?

ጥሩ ትንበያ አንድ ቁጥር ብቻ አይሰጥም፤ የሚጠበቀውን ወሰንም ይገልጻል። የአውሮፓው ማዕከል ለዚህ ሲል መነሻቸው በጥቂቱ የሚለያይ 51 ትንበያዎችን በአንድ ጊዜ ያሰላል። ትንበያዎቹ ከተቀራረቡ እምነት ይጨምራል፤ ከተበታተኑ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

“የ80 በመቶ ዕድል አለ” ማለት እንዲህ ከተባለባቸው አሥር ጊዜያት በስምንቱ ይሆናል፣ በሁለቱ ግን አይሆንም ማለት ነው። አንድ ቀን አለመሆኑ ብቻውን ትንበያውን ሐሰት አያደርገውም። ትንበያ የሚመዘነው በብዙ ቀናት ውጤት ነው።

ለአርሶ አደሩና ለከተማ ነዋሪው

በፀሐይ ኃይል ውሃ የሚስቡ አርሶ አደሮች የአየር ትንበያን በቀጥታ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ነገ ደመና ይበዛል ከተባለ ዛሬ ውሃውን ስቦ በማጠራቀሚያ መያዝ ይጠቅማል፤ የተሳበ ውሃ ከባትሪ የረከሰ የኃይል ክምችት ነውና። ፓነሉ በኢትዮጵያ በመጠኑ ወደ ደቡብ አዘንብሎ ቢተከል፣ ከዛፍ ጥላ ቢርቅና አቧራው በየጊዜው ቢጠረግ ምርቱ የተሻለ ይሆናል።

በከተማም ትንበያው አስቀድሞ ከተነገረ ወፍጮ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና የእንጨት ሥራ ቤቶች ሥራቸውን ኃይል በሚበረክትበት ሰዓት ማድረግ ይችላሉ። የጤና ጣቢያዎችም መድኃኒትና ክትባት ለሚያቆዩባቸው ማቀዝቀዣዎች ይዘጋጃሉ።

ኅብረተሰቡ ለትንበያው የሚያደርገው አስተዋጽዖም አለ። በየወረዳው የተተከሉ የዝናብ መለኪያዎችና በወንዝ ዳር የቆሙ የውሃ ከፍታ ምልክቶች የትንበያው ዓይኖች ናቸው። በመለኪያው የተገኘ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው፤ ይህች ቁጥር በየጠዋቱ ካልተመዘገበች ወደ ግድቡ የሚገባውን ውሃ በትክክል ማስላት አይቻልም። ከብት እንዳይሰብራቸው፣ ብረታቸውም እንዳይነቀል መጠበቅ መብራትን መጠበቅ ነው። የእርከን ሥራም እንዲሁ ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚሄደው አፈር ግድብ ውስጥ ሲደለድል ውሃ የሚይዘውን ስፍራ ይቀንሳል።

ጎተራውን የሚሞላው ዝናብ ነው፤ ዝናቡንም ሆነ ነፋሱን ሞዴል አያመጣቸውም። በጎተራው ያለውን አውቆ፣ የሚመጣውን ገምቶና ለስህተት የሚሆን መጠባበቂያ አስቀርቶ መጠቀም ግን በሰው እጅ ነው። አርሶ አደሩ ለዘር የሚሆነውን ሳይነካ ክረምቱን የሚያልፈው በዚህ ጥበብ ነው፤ የኃይል ትንበያም ይህንኑ ጥበብ በቁጥር የሚሠራ ነው።